የቱን ዘጠኝ?

ቴምዝ ሲጎድል ይሸታል። ይህን የምናውቀው በባተርሲ በኩል በእግራችን የምናልፍ ሰዎች ነን፤ ወንዙ ትይዩ ያሉትን የመስታወት ቤቶች የገዙት መስኮታቸው ስለማይከፈት አያውቁም። ባሕሩ ውኃውን መልሶ ሲስበው ዳር ዳሩ ላይ ጥቁር ጭቃ ይቀራል፤ ከጭቃው የበሰበሰ ቅጠልና የጨው ሽታ ይነሣል። በቀደም አንዲት ሴት አፍንጫዋን ይዛ ስታልፍ እኔ ግንቡን ተደግፌ ያንኑ ሽታ በረጅሙ እምግ ነበር። አበድክ እንዳትለኝ። ልጅ ሳለሁ አንድ ጊዜ ብቻ ያየሁት የኬንያ ጠረፍ ልክ እንደዚያ ይሸት ነበር።

እንዴት እዚያ ደረስክ ካልከኝ፣ በእናቴ ጉልበት ነው። እናቴ እዚሁ ባተርሲ አንዲት እንግሊዛዊት አሮጊት ለዓመታት ስታስታምም ኖረች። ሴትዮዋ ሲያርፉ ልጃቸው በኬንያ ጠረፍ ያለችውን የእንግዳ ማረፊያውን ከነምግቧ ለአንድ ሳምንት ለቀቀልን፤ የአውሮፕላኑንም ቻለ። እርግጥ ወቅቱ ዝናብ የሚጥልበትና ከፋይ እንግዳ የሚጠፋበት ነበር። የፈረንጅ ልግስናም ወቅት ይጠብቃል።

አባቴ እሺ ያለው ባሕር ለማየት አልነበረም። የስደተኛ የጉዞ ሰነዱ «ከኢትዮጵያ በቀር ለሁሉም አገር» ይላል፤ እዚያው የኬንያ ጠረፍ ባለ አንድ ከተማ ደግሞ ታላቅ ወንድሙ በጋራዥ ይሠሩ ነበር። እናትና አባታቸው ቀድመው ስለሞቱ አባቴን ያሳደጉት እኚህ ወንድም ናቸው። የተሰደዱትም አብረው ነው። ናይሮቢ ላይ ወደ እንግሊዝ የመሻገሩ ዕድል ለአንዳቸው ሲመጣ «አንተ ባለትዳር ነህ» ብለው እሱን አስቀደሙት። ከዚያ ወዲህ አልተያዩም። እኔ ስለ ዝሆንና ስለ አንበሳ ሳልም አባቴ የሚያስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ወንድሙን አቅፎ መሳም።

ማረፊያዋ መንገድ የላትም። እንግዳ ከናይሮቢ በትንሽ አውሮፕላን መጥቶ አሸዋው ላይ ያርፋል። ከፊቷ ውቅያኖስ፣ ከጀርባዋ ሰፊ የባሕር ወሽመጥ ነው። ከወሽመጡ ማዶ አውቶቡስ የሚመጣበት መሬት አለ፤ ወደዚያ የሚያሻግረው ጀልባ ሲሆን እሱም የሚሄደው ውኃው ሲሞላ ብቻ ነው። ሲጎድል ከዳር እዳር ጭቃ ይሆናል።

ዝሆንም አንበሳም አልነበረም፤ የቀረው ፍጡር ሁሉ ግን ነበረ። ማለዳ የሚቀሰቅሰን በዘንባባ ክዳኑ ላይ የሚራወጡ ጉሬዛዎች ኮቴ ነበር። ጦጣዎቹ ሰው ይመርጣሉ፤ ከአባቴ ሳህን ዝር አይሉም፣ ከእናቴ እጅ ግን ሙዝ መንትፈው ጣራው ላይ ሆነው እየላጡ ያዩአታል። ከወጥ ቤቱ ጀርባ አንድ ግዙፍ አርጃኖ እንደ ጡረተኛ ፀሐይ ይሞቃል። ሲመሽ ከዛፎቹ ውስጥ የሕፃን ለቅሶ ይሰማል። ዓይኗ ትልቅ የሆነ ትንሽ እንስሳ ናት ቢሏት እናቴ አልተዋጠላትም፤ እያማተበች ነበር የምትተኛው። አንድ ምሽት ሸርጣን ተቀቅሎ ሲቀርብላት «ይኼማ የባሕር ጊንጥ ነው» ብላ ሳህኑን በአንድ ጣቷ ገፋችው፤ ከዚያ በኋላ በሩዝና ከጦጣ በተረፈ ሙዝ ኖረች። ከእኛ ሌላ የነበሩት ብቸኛ እንግዳ፣ ወፍ ለማየት የመጡ አንድ እንግሊዛዊ ሽማግሌ ናቸው። አቅርቦ የሚያሳይ መነጽራቸውን ለምግብ እንኳ ከአንገታቸው አያወርዱም። ልንካው ስል እጄን በትሕትና መለሱልኝ።

አሁን ስለ ሰዓት ልንገርህ፤ ያለ እሱ ነገሩ አይገባህም። አባቴ ለንደን በገባ ሰሞን ለንደን የከረመ አንድ አስተርጓሚ ደውሎ «ነገ አሥር ሰዓት ላይ ኢንተርቪው አለህ» አለው። አባቴም እንደ ማንኛውም የእናቱ ልጅ አሥር ሰዓት ሲባል ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው ብሎ፣ ከሰዓት በኋላ ጫማውን አስጠርጎ ሄደ። ቀጠሮው ጠዋት ነበር። ሥራው ለሌላ ተሰጥቶ ጠበቀው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስቶክዌል ባለችው የካውንስል ኪራይ ቤታችን አዋጅ ወጣ፤ በሐበሻ ሰዓት መናገር ክልክል ሆነ። «ግድግዳው ያለውን በሉ» ይል ነበር። እናቴ አዋጁን አንድም ቀን አላከበረችውም። ጠዋት «ሁለት ሰዓት ሆነ፣ ተነሥ» ስትለኝ እሱ ከመታጠቢያ ቤት «ስምንት» ብሎ ያርማታል። እሷም «ለኔ ፀሐይዋ ሁለት ነው ያለችኝ» ትለዋለች፤ ለንደን ውስጥ ፀሐይ ያለች ይመስል።

አምና እዚሁ ለንደን ኤድመንተን ሰፈር አንድ ሠርግ ላይ መድረክ መሪው ስለ ሐበሻና ስለ ቀጠሮ ሲቀልድ አዳራሹ በሳቅ አውካካ። እኔ ኮቴን ይዤ ወጣሁ። በሰዓቱ መድረስን እንደ አሥራ አንደኛ ትእዛዝ የሚሰብኩልኝ ወገኖቼ አባቴን አላወቁትም። አባቴ ለንደን ውስጥ ከዚያች ኢንተርቪው በኋላ አንድም ቀጠሮ አላረፈደም።

ከመሄዳችን በፊት ከጋራዡ አጠገብ ወዳለች ሱቅ ደውሎ አጎቴን አስጠራ። አሠሪያቸው የሚያሳርፏቸው እሑድ ብቻ ነው፤ ወረቀት ስለሌላቸውም ፖሊስ መንገድ ላይ መታወቂያ መጠየቅ ከሚጀምርበት ከምሽቱ በፊት ቤታቸው መግባት አለባቸው። እኛ ሰኞ ማለዳ በራሪ ነን። ስለዚህ ያለችው ያቺ እሑድ ናት። አባቴ የማረፊያዋን ሰው ጠይቆ ውኃው የሚሞላበትን ሰዓት አስቀድሞ አጣርቷል። «ጋሼ፣ እሑድ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የጀልባው መቆሚያ ጋ ይጠብቁኝ» አለ። እሺ ማለታቸው ተሰማ፤ መስመሩ ተቋረጠ።

እሑድ ጠዋት አባቴ ከለንደን ይዞት የመጣውን ሱፍ ለበሰ። በዚያ ሙቀት ክራባትም አሰረ። እናቴና እኔም አብረን ተሻገርን። ማዶው ላይ አንድ የዛፍ ጥላና አንድ ሽመላ እንጂ ሌላ አልነበረም። አባቴ ጥላው ሥር ቆሞ ጀልባ ነጂው ከጀልባው በርጩማ አውርዶ ቢሰጠውም አልቀመጥ አለ፤ ሱፉ እንዳይጨማደድ ነው። አንድ አውቶቡስ መጥቶ ዓሣ ነጋዴዎች አውርዶ ሄደ። ሌላም መጣ። ፀሐይዋ አናታችን ላይ ስትደርስ ጀልባ ነጂው ውኃው እየሸሸ ነው፣ አሁን ካልሄድን የምንሻገረው ሲመሽ ነው አለ። አባቴንም «ብቻህን ትቼህ ሲመሽ ልመለስልህ?» ብሎ ጠየቀው። እናቴ «ቆይ፣ ምን አለበት፣ እኛ እንሂድ» አለችው።

«ቀጠሮው አልፏል» አለ አባቴ። ወንድሙ መንገድ ላይ ተይዘዋል ወይም መምጣቱን ፈርተዋል ብሎ ደመደመ። ይሄ ነው ለንደን ያስተማረችው። በ«ሐበሻ ቀጠሮ» የሚቀለድበት ዓይነት ሰው ቢሆን እኮ እስኪመሽ ተቀምጦ ይጠብቅ ነበር።

ተመልሰን ምሳ ሳንበላ በረንዳው ላይ ተቀመጥን። ወሽመጡ ጎድሎ ጭቃው ተገለጠ፤ ያ ሽታ መጣ። ከጭቃው ጉድጓዶች ትናንሽ ሸርጣኖች በሺህ ወጡ፤ አንድ ክንዳቸው ከሌላው እጅግ ይተልቃል፣ እሱን ከፍ ዝቅ ያደርጉታል። ሽማግሌው መነጽራቸውን አንሥተው ሽመላ ሲፈልጉ ማዶው ላይ ነጭ ሸሚዝ የለበሰ ሰው ቆሟል አሉ።

አባቴ ተነሣ። ያለ መነጽር የምናየው ነጭ ነጥብ ብቻ ነበር።

«ለመሆኑ ስንት ሰዓት ብለህ ነው የቀጠርካቸው?» አለች እናቴ።

«ዘጠኝ ሰዓት ነዋ።»

እናቴ ወደ ግድግዳው ሰዓት አየች፤ በፈረንጅ ሦስት ነበር። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «የቱን ዘጠኝ?» አለችው።

በኋላ እንደተረዳሁት ኬንያ ውስጥ በስዋሂሊም ሰዓት የሚቆጠረው እንደኛው ከንጋት ነው። አጎቴ በስደት አገራቸው ሰዓታቸውን መቀየር አላስፈለጋቸውም። ዘጠኝ ሲባሉ በዘጠኝ መጡ። አባቴ ከአስተርጓሚው የቀመሳትን ጥፊ ተቀብሎ ዓመታት ካቆያት በኋላ ላሳደጉት ሰው አሳልፎ ሰጠ።

ከነሱፉ ጭቃው ውስጥ ገባ። ጥቂት እንደሄደ ጉልበቱ ድረስ ሰጠመ። ጀልባ ነጂውና ወጥ ሠሪው ሳንቃ ዘርግተው እየጎተቱ አወጡት፤ ይህ ጭቃ ሰው በልቶ ያውቃል አሉት። አንድ ጫማው እዚያው ቀረ። ኮቱን አውልቆ ያውለበልብ ጀመር። በእኛና በማዶው መካከል ሸርጣኖቹም ክንዳቸውን ያውለበልባሉ፤ አንዱ ለሌላው ሲሰግድ እንደሚውል ሕዝብ። ያን ጊዜ ሽማግሌው መጡና መነጽራቸውን ከአንገታቸው አውጥተው አባቴ አንገት ላይ አጠለቁት።

ብዙ ቆየ። እናቴ ምን እንዳየ ደጋግማ ጠየቀችው።

«ሸብተዋል» አለ። በዚያ ሁሉ ርቀት እንኳ አንቱታውን አልተወም።

እናቴ እኔም ልያቸው ብላ እጇን ዘረጋች፤ መነጽሩን ከዓይኑ አልነቀለም። አጎቴ እጃቸውን አንሥተው እንደሆነ አባቴ አልነገረንም፤ እኔም አልጠየቅኩም። ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ አንድ አውቶቡስ መጣ። ሲሄድ ነጩ ነጥብ አልነበረም። ውኃው የሞላው ከዚያ በኋላ ነው፤ ጀልባ ነጂውም ጀልባውን አላስነሣም፤ ማንን ሊያመጣ?

አጎቴ ያንን ዓመት አልጨረሱም። ወባ ነው የሚል ወሬ ከሱቋ መጣ። ከዚያ በፊት ግን አንድ ጊዜ በስልክ ተገናኝተዋል። አባቴ ስቶክዌል ወጥ ቤታችን ውስጥ ቆሞ፣ እኔ ከጠረጴዛው ሥር የቤት ሥራዬን ተኝቼ እየሠራሁ ነበር። ለቀናት ሲለማመደው የሰነበተውን ንግግር «ጋሼ፣ ያን ዕለት ዘጠኝ ያልኩዎት…» ብሎ ጀመረ። የአጎቴ ድምፅ ከስልኩ አልፎ እኔ ድረስ ይሰማ ነበር።

«ተወው እባክህ» አሉት። «አይቼህ የለ እንዴ? ወፍረሃል።»

ከዚያ ርቀት፣ ያለ መነጽር፣ ሰውን ከጉቶ የሚለይ ዓይን የለም። አባቴም ለንደን ከገባ ወዲህ ቀበቶውን ሁለቴ በምስማር በስቶ አጥብቧል።

«አዎ፣ ጋሼ» አለ። «ወፍሬያለሁ።»