ተረከዝ ይቀድማል

የታሰርኩት ሚዛን ተፈሪ መናኸሪያ፣ የቴፒው መኪና እስኪሞላ ስጠብቅ ነው። ምርጫው ጥቂት ሳምንታት ቀርተውት ነበር፤ ጊዜው ዐቢይ ጾም ነው። ሁለት ፖሊሶች ቦርሳዬን ከፍተው ሰማያዊ ደብተሬን አገላበጡና "ነይ፣ ለጥያቄ ትፈለጊያለሽ" አሉኝ።

ያስገቡኝ ክፍል ድሮ የቡና መጋዘን ነበር። አሁንም ጀንፈል ጀንፈል ይሸታል። ጥግ ላይ አንዲት የሸኮ ብሔረሰብ እናት ተቀምጠዋል፤ ልጃቸው ተፈልጎ ስለጠፋ በእሱ ፈንታ የተያዙ ናቸው። የተቀመጡበትን ጆንያ ዘርግተው "ተቀመጪ፣ ልጄ" አሉኝ።

እኔ የሙዚቃና የውዝዋዜ ታሪክ አጥኚ ነኝ። የጥንት የባሌት መምህራን የእግርን መንገድ በመስመርና በምልክት ወረቀት ላይ ያሰፍሩ እንደነበር ተምሬ፣ ያንን ዘዴ በቀስትና በክብ አቅልዬ የሸኮን ጭፈራ ስጽፍ ሦስት ዓመት ሠርቻለሁ። ዋናው አስተማሪዬ፣ አንድ ሽማግሌ፣ ዐርፈዋል። ከሰማያዊው ደብተር ሌላ ቅጂ የለኝም። ቤት የተውኳትን ልጄን በጸሎት ለእመቤታችን አደራ ሰጥቻለሁ፤ ደብተሩን የያዘው ግን ሰው ነበር።

መርማሪው ደብተሩን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ።

"ይሄ ቀስት ወዴት ነው?"

"ወደ ግራ።"

"ማነው የሚሄደው?"

"ቀኝ እግር።"

"ክቦቹስ? የታጣቂ ካምፕ ናቸው?"

"ተረከዝ።"

በር ላይ የቆመው ፖሊስ ሳቀ። መርማሪው አልሳቀም። "ጭፈራ ከሆነ ጨፍሪዋ፤ እንይልሽ።"

"ጾም ነው" አልኩት።

አንገቱ ላይ ማዕተብ ነበረው። ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። "እንግዲያው ማስረጃ የለሽም።"

ሦስት ቀን ያንኑ ጠየቀኝ፤ ሦስት ቀን ያንኑ መለስኩ። "ቡድኑ ስንት ሰው ነው?" ይላል። "ስምንት፤ አራቱ ሴቶች" እላለሁ። ይጽፋል። እውነት በተናገርኩ ቁጥር ፋይሌ ይወፍራል።

በአራተኛው ቀን እኚያን እናት አስጠራ። "እማማ፣ የእናንተ ጭፈራ ነው ትላለች። እስቲ ይዩት።"

ማንበብ አይችሉም፤ የእኔንም ጾም አይጾሙም። እኔ ቁጭ ብዬ አነበብኩላቸው፤ ቀኝ እግር ወደ ግራ፣ ጣት፣ ተረከዝ፣ ዙር። እግራቸው ተከተለኝ። ድንገት ቆሙ።

"እዚህ ጋ ውሸት ነው።"

መርማሪው ብድግ አለ። "ውሸት ነው አሉ?"

"አዎ። ጣት አይቀድምም። ተረከዝ ነው መጀመሪያ። ማነው እንዲህ ያስተማራት?"

ፖሊሱ እንደገና ሳቀ። መርማሪው ደብተሩን ዘጋው። "ለማንኛውም ወደ በላይ ይላካል።"

ደብተሬን ዳግመኛ እንደማላየው ያን ጊዜ ገባኝ።

"እስክሪብቶ ይስጡኝ" አልኩ።

"ለምን? ፈርሚ አላልንሽም።"

"ስሕተት አለበት። እንዲህ ሆኖ አይሄድም።"

ትክ ብሎ አየኝ። ከዚያ ከኪሱ አውጥቶ ሰጠኝ። ጣቱን ሰርዤ ተረከዙን አስቀደምኩ። ለእማማ እንደገና አነበብኩላቸው፤ ረገጡት። "አሁን ሆነ" አሉ። እስክሪብቶውን በሁለት እጄ መለስኩ።

ከትንሣኤ በኋላ ተፈታሁ፤ እማማም ሰንበት ብለው ወጡ። ደብተሩ አልወጣም። ስንት ቢሮ ደጅ ጠናሁ፤ "ይፈለጋል" ይሉኛል። ልጄን በጤና ስላገኘኋት አምላኬን አመሰግናለሁ። የቀረውን ከማስታውሰው እየጻፍኩ ነው፤ ግማሹ ጠፍቶብኛል። ያ ገጽ ግን አልጠፋኝም። አንድ ቀን አንድ ሰው አቧራውን አራግፎ ደብተሩን ቢከፍተው፣ እዚያ ጋ የተጻፈው ልክ ነው።