የአባ ራጋ ረጅም ገመድ

ይህን ትዝታ ያመጣብኝ የሞቀ አቧራ ሽታ ነው። የልጅ ልጄ ሊዲያ ቁም ሳጥኑ ላይ የኖረውን አሮጌ ስቴሪዮ አውርዳ፣ በጨርቅ ጠርጋ ሶኬት ላይ ስትሰካው፣ መጀመሪያ የጣቢያ ማሳያው መስታወት ቢጫ በራ፤ ቀጥሎ የአቧራና የሞቀ እንጨት ሽታ ቤቱን ሞላው። ያ ሽታ ያደግኩባት የአጋሮ ነው። የአባ ራጋ ሻይ ቤት ሽታ።

ሊዲያስ ይህን አላሰበችም። ራዲዮዬ ሰፈራችንን ቦሳ አዲስን በሙሉ እያወከ ነው ብለው ጎረቤቶች ወቅሰዋት፣ ስቴሪዮው ላይ የራሷን የጆሮ ማዳመጫ ልትሰካልኝ ነው። የስቴሪዮው ቀዳዳ ሰፊ፣ የማዳመጫው ጫፍ ቀጭን ሆኖ አልገጥም ቢላት የከተማችን መርካቶ ወርዳ ከስልክ ጠጋኞች ዘንድ መጋጠሚያ ይዛ መጣች።

«አባባ፣ ይኼ ሳጥን ጉልበት አለው እኮ! ስልኬ ላይ ሹክ የሚለው ማዳመጫ እዚህ ሲሰካ ይጮኻል። ያድርጉትና ይስሙ።»

«የኔ ጆሮ ደህና ነው» አልኳት።

«ደህና ከሆነ ታዲያ ጋሽ ሸምሱን ለምን...» ብላ ጀመረችና ተወችው። ያቺን ሰማኋት። የማልፈልገውን ለመስማት ጆሮዬ አልደከመም።

ሸምሱ አጋሮ አብረን ያደግን ጓደኛዬ ነው። ባለፈው ሳምንት ጠዋት በባጃጅ ደጄ መጣ፤ ሳይወርድ እጁን ዘረጋልኝ። የኛ አገር ሰላምታ ረጅም ነው። ቤቱ፣ ልጁ፣ ከብቱ፣ ቡናው፣ ዝናቡ ተራ በተራ ይጠየቃል። ተራውን ያወቀ ሰው ሳይሰማም መመለስ ይችላል፤ እኔም ስንቴ እንዲህ አምልጫለሁ። የባጃጁ ሞተር እየተንደቀደቀ የሸምሱ ከንፈር በተንቀሳቀሰ ቁጥር «ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» እላለሁ። ለካ የዚያን ቀን ስለ ልጆቼ አልጠየቀኝም። «ወንድሜ ሞተ፤ አጋሮ ለቀብር እየሄድኩ ነው፣ ግባ አብረን እንሂድ» ነው ያለኝ። እኔ ፈገግ ብዬ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ መልካም መንገድ» አልኩት። ትክ ብሎ አየኝና ሹፌሩን «ንዳ» አለው።

ነገሩን ማታ ሊዲያ ሰምታ መጥታ ነገረችኝ። ቀብር መቅረቴ ሳያንስ፣ በወንድሙ ሞት አመሰገንኩ። ያኔውኑ ሄጄ አልሰማሁህም ማለት ነበረብኝ። ደንቆሮ ከሚለኝ ክፉ ይበለኝ ብዬ ቁጭ አልኩ። ቁጭ አልኩ እንጂ እንቅልፍስ የት አለ፤ ባጃጅ ባለፈ ቁጥር አንገቴን እደፋለሁ።

አባ ራጋ ረጅም፣ ቀጭን፣ ሽርጣቸውን ከፍ አድርገው የሚታጠቁ ሰው ነበሩ። ሻይ ቤታቸው ቡና የሚጭኑ መኪኖች የሚቆሙበት መንገድ ዳር ነው። ቅርንፉድ የበዛበት ሻይ፣ ዘይቱ ጣት ላይ የሚቀር ሰምቡሳ፣ በር ላይ የረጠበ ጆንያ። ስቴሪዮውን አንድ ሹፌር ከአስመራ ነው ያመጣላቸው፤ እንደ ሁለት የጫማ ቀለም ቆርቆሮ ያበጠ ጥቁር ማዳመጫና አንድ ማይክራፎን አብሮት መጣ። ጠዋት ጠዋት ለደንበኛው በድምፅ ማጉያ ያዘፍናሉ። ከሰዓት በኋላ ግን ማዳመጫውን ያጠልቁና ቤቱ ዝም ይላል። መርፌው ሸክላው ላይ ሲዞር እናያለን፣ ዘፈኑን የሚሰሙት እሳቸው ብቻ ናቸው።

«ሙዚቃውንም እንደ ስኳሩ ቆለፈብን!» ይላሉ ሹፌሮቹ። ያኔ ልጆች የነበርን ሸምሱና እኔም «ስስታሙ» ነበር የምንላቸው።

አንድ ክረምት ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ከገጠር አንድ የረጠበ ሰው ገባ። እኔ ባንኮኒው ሥር የወደቀ ቆርኪ እየለቀምኩ ነበር። «አካም ጅርቱ?» ብሎ እንዴት ነዎት አላቸው። «ነጋ።» «ማቲን ነጋ?» «ነጋ።» «ሎን ነጋ?» «ነጋ።» ቤተሰቡ፣ ከብቱ ደህና ነው ወይ ሲላቸው አባ ራጋ ደህና እያሉ ነው። ሰውዬው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ኦቦሌቲን ኬሰን ዱቴ» አለ። እህትዎ ሞተች ማለቱ ነው። አባ ራጋ ፈገግ ብለው «አልሐምዱሊላህ!» አሉና ሻዩ ላይ ስኳር ጨመሩለት።

አንድ ሽማግሌ «ኢማን ማለት ይኼ ነው! በሞትም አላህን ያመሰግናል» አሉና ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ። ሌሎቹም ራሳቸውን ነቀነቁ። አባ ራጋ ግን ከአንዱ ፊት ወደ ሌላው ፊት ያያሉ። ለምን እንደሚለቀስ አያውቁም። ዓይናቸው ሲንከራተት ከሥር ሆኜ ያየሁ እኔ ነኝ፤ እንደማይሰሙ የገባኝም ያኔ ነው።

ጮኼ ብነግራቸው ሁሉም ሊያውቅባቸው ነው። ማዳመጫውን አንስቼ እጃቸው ላይ አኖርኩ፤ ግራ ገብቷቸው አጠለቁት። ማይክራፎኑን ይዤ ባንኮኒው ሥር ተቀመጥኩና በሹክሹክታ «አባ ራጋ፣ እህትዎ ሞተች ነው ያለዎት» አልኩ። ማንኪያው ስኳሩ ውስጥ ቀረ። ያን ፊት እስከዛሬ አልረሳሁትም። ሐዘኑ ኋላ ነው የመጣው። መጀመሪያ የመጣው እፍረቱ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ማይክራፎኑ ከስኳሩ ጣሳ አጠገብ ተቀመጠ። ሰው ዘፈን የሚሰሙ ይመስለዋል፤ እሳቸው ግን የሚሰሙት እኛን ነበር። ሹፌሮቹ አጠገባቸው ቆመው «ይኼ ስስታም» ሲሉ ሁሉ ይሰማሉ።

«እንደማይሰሙ ለምን አይነግሯቸውም?» አልኳቸው አንድ ቀን በማይክራፎኑ።

«ስስታም ይበሉኝ፣ ኢልመ ኮ» አሉ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «ስስታምን ቢሰድቡትም ያናግሩታል። ለማይሰማ ሰው አንዴ ይጮኹለታል፣ ሁለቴ ይጮኹለታል፣ ከዚያ ይተዉታል።»

ኋላ ግን የማይክራፎኑን ገመድ አስቀጠሉ። ከባንኮኒው ተነስቶ በሩ አጠገብ ያለው ወንበር ድረስ ይደርሳል። «እንግዳ ሲመጣ አቀብለዋለሁ፣ በዚህ ተናገር እለዋለሁ» አሉኝ። ነገ፣ ከነገ ወዲያ እያሉ ለማንም ሳያቀብሉ ሞቱ። ገመዱ ተጠቅልሎ ሚስማር ላይ እንደተሰቀለ ነበር። ልጃቸው «ከአንተ በቀር የነካው የለም፣ አንተው ውሰደው» ብላ ከነስቴሪዮው ሰጠችኝ።

ይህን ሁሉ አስቤ ሊዲያን «ቁም ሳጥኑ ላይ ካለው ካርቶን ውስጥ ረጅም ገመድ ያለው ማይክራፎን አለ፤ አምጪው» አልኳት። «ከዚያ ሸምሱን ጥሪልኝ።»

«ምን ብዬ?»

«ጆሮው ደንቁሯል በይው።» ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ፊቴ ጋለ።

ሸምሱ መጣ፤ በሩ አጠገብ ቆመ እንጂ አልተቀመጠም። የሊዲያን ሮዝ ማዳመጫ አናቴ ላይ ሲያይ ከንፈሩ ተነቃነቀ። ሊዲያ ማይክራፎኑን እጁ ላይ አኖረችለት።

«ሽማግሌው ዲጄ ሆነሃል ነው ያልኩት» አለ። ሳል የያዘው ድምፁ፣ የጥንቱ ድምፁ፣ ጆሮዬ ውስጥ ገባ። ስንት ዓመት እንዲህ አልሰማሁትም። ማይክራፎኑን አገላብጦ አየና ቁጭ አለ። «ይኼ የዚያ ስስታም አይደለም እንዴ?»

«ስስታም አልነበሩም። አይሰሙም ነበር። የምንላቸውን ግን በዚህ ይሰሙ ነበር።»

ሸምሱ መሬት መሬት አየ። እኔም። ከዚያ ማይክራፎኑን ወደ አፉ አስጠጋና ቀስ ብሎ «ወንድሜ ሞተ» አለኝ።

«እግዚአብሔር ያጽናህ፣ ወንድሜ» አልኩት።

ሊዲያ ሻይ ይዛ ስትመጣ፣ በመካከላችን የተዘረጋውን ገመድ እንዳትረግጥ እግሯን አንስታ ተሻገረችው።