ሰሊጡ እስኪራገፍ

ስርጉትን በደንብ አውቃታለሁ ማለት አልችልም። ከሸሕዲ የተሳፈርኩበት ትራክተር ጎማው ፈንድቶ ቀይ ጉብታ በምትባል ትንሽ መንደር ሦስት ቀን ከቤቷ ሰነበትኩ፤ የማውቀው ያንኑ ነው። እሱንም በትክክል ማየቴን እጠራጠራለሁ።

የቀይ ጉብታ ሰሊጥ ውሸት አይችልም። ሰሊጥ የትም ቢሆን ሳይታጨድ ከደረቀ ቅርፊቱ ይከፈትና ፍሬው ይረግፋል። እዚህ ግን ውሸት ከሰማ ገና አረንጓዴ ሳለም ይከፈታል። ታጭዶ፣ በነዶ ታስሮ ለመድረቅ የቆመውም ይሰማል። ካቻምና አንድ አጫጅ ውሃ ላመጣችለት ኮረዳ «አላገባሁም» ቢላት ግማሽ ሄክታር ሰሊጥ መሬት ላይ ፈሰሰ። ስለዚህ አዝመራው ተራግፎ ጆንያ እስኪገባ ድረስ ሰው ቃሉን እየመረጠ ነው የሚናገር።

ስርጉት ለአጫጆቹ ምሳ ስታቀርብ ደረበ የሚባለውን ጎጃሜ «ወጡ እንዴት ነው?» አለችው።

«ትኩስ ነው፣ እትዬ።»

ጓደኞቹ ሳቁበት። እሷም ሳቀች። ስትስቅ ያየኋት ያኔ ብቻ ነው።

ባሏ እንግዳው አምና በገላባት በኩል ተሻግሮ ለእርሻ ሥራ ሱዳን ገብቷል። እናቱ እማማ አሰፋች ዓይናቸው ስለደከመ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ይውላሉ፤ ሰሊጡ ደግሞ እስከ ደጃፉ ድረስ ነው የተዘራው። ነሐሴ ላይ ዓሊ የሚባል ነጋዴ ከድንበሩ ማዶ መጥቶ ስርጉትን ብቻዋን አነጋግሯት እንደሄደ ጎረቤት ነገረኝ። ምን እንዳላት የሰማ የለም። ከዚያ ወዲህ ግን የባሏን ስም አንስታ አታውቅም።

አሮጊቷ በየቀኑ ይጠይቃሉ። በመጣሁበት ቀን «ልጄ ደወለ?» አሏት።

«ኔትወርክ የለም፣ እማ።» እውነት ነው፣ አልነበረም።

በማግሥቱ፣ «ሰውም አልላከ?»

«መንገዱ ዝግ ነው ይላሉ።» ይኸም እውነት ነው፤ ይላሉ።

በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ጥያቄውን ለወጡት። «ስርጉት፣ ልጄ በሕይወት አለ በይኝ። አንድ ቃል ብቻ።»

አጫጆቹ ማጭዳቸውን እንደያዙ ቆሙ። ደረበ እንኳ አልቀለደም። የስርጉት ሦስት ልጆች የዓመት ቀለብ ከፊታችን ቆሞ ያዳምጣል።

«እማ፣ ሰሊጡ እስኪራገፍ ጠብቁኝ።»

«እኔ የጠየቅሁሽ ስለ ልጄ ነው። ስለ ሰሊጥ መች ጠየቅሁሽ?»

ስርጉት ከትከሻቸው የወረደውን ነጠላ አስተካክላላቸው ወደ ማሳው ተመለሰች። «አለ» ለማለት የፈራችው ውሸት ስለሆነ ይሁን ወይም እሷም እርግጠኛ ስላልሆነች አላውቅም። አሮጊቷን የሚያንገበግባቸውም ይኸው አለማወቅ ይመስለኛል። ከዚያ በኋላ የማጭዱ ድምፅ ወደሚመጣበት ጆሯቸውን አዙረው ተቀመጡ።

ከሰዓት በኋላ ጎማው ተጠገነ። ልሰናበታት ማሳው ውስጥ ገባሁ። መጠየቅ አልነበረብኝም፤ ግን ጠየቅኋት።

«ከተራገፈ በኋላስ? ያኔ ምን ትያቸዋለሽ?»

ስርጉት መጀመሪያ ደጃፉን አየች፣ ቀጥላ ገና ያልታጨደውን ሰሊጥ። ከዚያ ጎንበስ ብላ ማጨዷን ቀጠለች።