ከመሞከሪያው ሰርቨር ያላለፈችው ዜሮ

በሥራዬ አልታማም። ዱባይ ያለው የልብስ ኩባንያችን የዕቅድ ሶፍትዌሩን በኃላፊነት የሰጠኝ ቁንጅናዬን አይቶ አይደለም። የየሱቁ ሽያጭ፣ ኪራይና የሠራተኛ ብዛት ለመጪው ዓመት የሚታቀደው እዚያ ላይ ነው። ሁለት ሰርቨር አለን፤ አንዱ መሞከሪያ፣ አንዱ ዋናው። መሞከሪያው ላይ እንደፈለግን እንፈነጫለን፤ ደመወዝ በእጥፍ እንጨምራለን፣ ሱቅ እንዘጋለን፣ ማንም አይጎዳም። ዋናው ላይ የገባው ግን እውነት ነው፤ ሰው የሚቀጠረውም ቪዛ የሚታደሰውም እሱ ታይቶ ነው።

ስለዚህ ሥራውን እንደተረከብኩ አንድ ሕግ አወጣሁ። አዲስ ቅጽና ስሌት ከመሞከሪያው ወደ ዋናው ያልፋል፤ ቁጥር ግን አያልፍም። ቁጥር የሚሄደው ከዋናው ወደ መሞከሪያው ብቻ ነው። ቢሮ ውስጥ "ሙሽኪላ ትወጃለሽ፤ ነገር ታከብጃለሽ" የሚሉኝ አሉ። ይበሉ።

ባለፈው ዓመት የፋይናንስ ኃላፊያችን የሻርጃው ሱቅ ቢዘጋ ምን እንደሚተርፍ ለማየት ፈለጉ። መሞከሪያው ላይ የሱቁን ሠራተኞች በሙሉ ዜሮ አደረግኩላቸው። የሙከራ ነው ብልም እጄ ከብዶኝ ነበር፤ እዚያ ሱቅ ከሚሸጡት አንዷ አጅማን፣ አል ራሺዲያ ሰፈር፣ አብራኝ የምትኖረው ጓደኛዬ ናት። ቪዛዋ ሊያልቅ ተቃርቧል፤ ባይታደስስ እያለች ትሰጋለች። አገር ቤት እናቷን የምታሳክመው በዚሁ ሥራ ነው። ቤት ስገባ "ሹግል እንዴት ዋለ?" ብላ ስለ ሥራዬ ትጠይቀኛለች፤ "ደህና" እላታለሁ። የመሥሪያ ቤት ምስጢር ነውና አልነገርኳትም። ፊቷን ማየት ግን ጭንቅ ሆነብኝ።

አዲሶቹ ቅጾች ወደ ዋናው በሚዛወሩበት ቀን ኃላፊው መጥተው ከወንበሬ ጀርባ ቆሙ።

"ሁሉንም ገልብጪው፤ ቁጥሩንም ጭምር" አሉኝ።

"ቁጥሩ እኮ የሙከራ ነው" አልኳቸው።

"አውቃለሁ። ያላ፣ ጊዜ የለንም፤ ሥራ አስኪያጁ ዕቅዱን ዛሬ ያጸድቁታል።"

ያን ጊዜ ገባኝ። ሰውዬው አልተሳሳቱም። ዜሮዋ ከሌላው ጋር ተጠቅልላ እንድታልፍ ነው የፈለጉት። ቁጥር በጅምላ ሲገለበጥ ሲስተሙ የሚመዘግበው የእኔን ስም ነው፤ ሰው በእጁ ሲያስገባ ግን ያስገባውን ሰው ስም። ሱቁ ይዘጋል፤ ነገ ማን ዘጋው ሲባል የኮምፒውተሯ ልጅ ናት ይባላል። ደሜ ፈላ። ድምፄን ግን ከፍ አላደረግኩም፤ እኔ ስናደድ ዝግ ብዬ ነው የማወራው።

ቅጹንና ስሌቱን ብቻ መርጬ አሳለፍኩ። ከዚያ ዋናው ሰርቨር ላይ የሻርጃውን ሱቅ ገጽ ከፈትኩና ወንበሬን ለቀቅኩላቸው።

"ዜሮ ማድረግ ከፈለጉ ሥልጣኑ አለዎት። በራስዎ ስም ይግቡና ይጻፉት፤ አንድ ደቂቃ አይፈጅም።"

ስክሪኑን አዩት፤ እኔን አዩኝ። ከረባታቸውን ነካክተው "ኸላስ፣ በቃ፤ ሌላ ጊዜ እናየዋለን" ብለው ሄዱ። ዕቅዱ ሱቁንም ሠራተኞቹንም እንደያዘ ጸደቀ። መዝጋት የፈለገ ነበር፤ ዘጋሁ ብሎ ስሙን የሚያሰፍር ግን አልተገኘም። ያን ቀን በአል ማምዛር በኩል ወደ ቤቴ ስመለስ የመኪናው መጨናነቅ እንኳ አላናደደኝም።

የጓደኛዬ ቪዛ ታደሰ። የሰማች ዕለት በር ላይ እየዘለለች ተቀበለችኝ።

"ዋላሂ፣ ሚካኤል ስለቴን ሰማኝ!"

"ዋላሂ እያልሽ ነው ሚካኤልን የምትለምኚው?" ብዬ ሳቅኩባት።

"ተይኝ ባክሽ! ጃንጥላ ተስዬለት ነበር፤ አገር ስገባ አስገባለሁ።"

ሙገሳ የምወድ ሰው ነኝና ታሪኩ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጥኩት። የጃንጥላውን ግማሽ እኔ እችላለሁ አልኳት።

"አንቺ ደግሞ ምን ብለሽ ተስለሽ?"

"አንቺን እንዳላጣ" አልኳት።