መውጫዬን የጻፍኩበት ውል

አምቦ ለማስተማር ተመድቤ እንደሄድኩ፣ አዴ እያልኩ ከምጠራቸው አሮጊት ግቢ አንዲት ክፍል ተከራየሁ። እዚያ ግቢ ውል የሚባል ነገር አይታወቅም፤ ኪራይ በየወሩ ይከፈላል፣ በቃ። ጎረቤቴ ልብስ ሰፊው አሥር ዓመት ያለ ወረቀት ኖሯል። እኔ ግን የተማርኩ ነኝ! ካልተፈራረምን ብዬ ድርቅ አልኩ።

«ማሊ፣ ምንድን ነው ቲቸር፣ ሌባ መሰልኩህ እንዴ?» አሉኝ ቅር ብሏቸው።

ድንገት እንዳያስወጡኝ ብዬ ውሉን በራሴ እጅ ጻፍኩት፦ ኪራዩ በየወሩ ይታደሳል፤ ከሁለት አንዳችን የአንድ ወር ማስጠንቀቂያ ከሰጠን ይፈርሳል። ልብስ ሰፊው ምስክር ሆነ። እሳቸው በአውራ ጣታቸው ፈርመው ወረቀቱን መቀነታቸው ውስጥ ቋጠሩት።

በዓመቱ ካቺሲ ከተማ የሚሠራው ልጃቸው ሚስቱን ይዞ ሊመጣ ሆነና አንድ ክፍል መለቀቅ ነበረበት። የልብስ ሰፊው ክፍል ከእኔ ይሰፋል። አዴ ግን የእኔን በር አንኳኩ፤ ወረቀቷንም ዘረጉልኝ።

«እሱን በምን አፌ ውጣ እለዋለሁ? አሥር ዓመት አብረን በልተናል። አንተ ግን እንዴት እንደምትወጣ ራስህ ጽፈህልኛል።»

ወር እስኪሞላ አንድ ክፉ ቃል አልተናገሩኝም። በሠላሳኛው ቀን ልብስ ሰፊው አልጋዬን ጋሪ ላይ ጫነልኝ።

ከዚያ ወዲህ ውል የሚባል ነገር ጽፌ አላውቅም። ያለ ውል የተከራየኋቸውን ሦስት ቤቶችም አስለቅቀውኛል፤ እነዚህኞቹማ ወሩንም አልጠበቁልኝ።