አምስተኛው ወንበር

በ1961 ዓ.ም. የፓርላማ ምርጫ ሲደረግ ሃያ አንድ ዓመቴ ነበር። ነገሩን ያስነሳብኝ ባለፈው ሐሙስ ቡታጅራ ሻይ ቤት ያገኘሁት ጎረምሳ ነው። ሬዲዮኑ በምክር ቤት ለሴቶች ወንበር ስለመያዝ ያወራል። ጎረምሳው «ሰው ወንበሩን በችሎታው ያገኛል እንጂ ይያዝልኝ ይላል እንዴ?» አለ። «ልጄ፣ ለእኔ ተይዞልኝ ነበር» አልኩት። ሳቀ። ፊደል ላይ እጄ ከባድ ነው፤ ቢሆንም ለእሱ ብዬ ልጻፈው።

ሰኔ ገብቶ ከቡታጅራ ወደ መንደራችን የሚያመጣው መንገድ ጭቃ ሆኗል። የፓርላማ ዕጩ ሊመጣ ነው ተባለና ከከተማ አምስት ወንበር ተውሰን በትከሻ አመጣን። ሽማግሌዎች መንደሩን ወክለው የሚያናግሩት አምስት ሰው መረጡ። አራቱ ሽበታሞች፣ አምስተኛው እኔ። መሬት የለኝ፣ ሚስት የለኝ፣ ቤት እንኳ አላቆምኩ። አዲስ አበባ ሁለት ዓመት ጫማ መጥረጌን እንደ ዕውቀት ቆጥረውልኝ መሰለኝ።

ዋዜማውን መንደሩ መሐል ካለው ዛፍ ሥር ስንመክር ሐጂ ሸምሱ፣ የመንደሩ ትልቅ ሰው፣ «መንገድና ትምህርት ቤት እንጠይቅ። እንሰቱ እንደሆነ አልሐምዱሊላህ ደህና ነው» አሉ። እውነትም ከውጭ ሲያዩት ቅጠሉ ለምለም ነው።

«ደህና አይደለም!» አለ ከኋላችን አንድ ድምፅ። የሟች አጎቴ ሚስት እትዬ ዘምዘም ነበሩ፤ እጃቸው እስከ ክርናቸው በእንሰት ውሃ ርሷል። «ስንፍቀው ውስጡ ጠቁሯል። ሽታው ራስ ያዞራል። እንዲህ ከቀጠለ በመስከረም ቆጮ አታገኙም።»

በእኛ ዘንድ እንሰት የሚተክል ወንድ፣ የሚፍቅ ሴት ነው። ወንድ መፋቂያው ቦታ ድርሽ ካለ ነውር ነው፣ መሳቂያ ይሆናል። ስለዚህ ጎመኑን በቆጯችን እየጠቀለልን ስንበላ ውስጡን ያየ አንድም ወንድ አልነበረም።

«ታዲያ ለምን አልነገራችሁንም?» አሉ ሐጂ ሸምሱ።

«ለባሎቻችን ነግረናል። ባል እሺ ይልና ወደ ግድግዳው ዞሮ ይተኛል!» ከአጥሩ ወዲያ ሴቶች ሳቁ። «ነገ እኔ ልቀመጥና ልንገረው።»

«ወንበሩ አምስት ነው፣ ሞልቷል» አሉ ሐጂ ሸምሱ።

«የእኔን ይውሰዱ» አልኩ።

ሐጂ ሸምሱ በከዘራቸው መሬቱን መቱ። «አንተ! እኛ የሰጠንህን ለሴት ልትሰጥ? እንግዲያ ቤትህን የሚያቆምልህ ፈልግ!»

ቀላል ዛቻ አልነበረም። ምሰሶ ብቻውን የሚያቆም ሰው የለም፣ መንደሩ ተሰብስቦ ነው። የእጮኛዬ አባት ደግሞ ቤት ለሌለው ልጄን አልድርም ብለዋል። ምሰሶዬ ተቆርጦ ደጅ ላይ ተጋድሟል።

ዛቻቸው ባዶ እንዳልነበረ ኋላ አየሁት። ምሰሶዬን ሁለት ክረምት ዝናብ ደበደበው። እጮኛዬ ግን ጠበቀችኝ፤ ዛሬም በእልህ ከእኔ ትብሳለች። ሐጂ ሸምሱም፣ አላህ ይማራቸው፣ ከዚያ ወዲህ ስለ እንሰት ከመናገራቸው በፊት ሴቶቹን ይጠይቁ ነበር።

ጎረምሳው እንግዲህ ይስማኝ። ወንበር ድሮም ይያዝ ነበር። ወንድ በመሆኔ ብቻ ለእኔ ለጫማ ጠራጊው ተያዘልኝ። ያን ቀን ግን ስለ ችሎታዬ የጠየቀ አልነበረም። ለሴት ሲሆን ነው ችሎታ የሚታወሳችሁ? ዛሬ ምርኩዝ ይዤ ብሄድም ያኔ ያደረግሁትን ደግሜ አደርገዋለሁ።

ያደረግሁትም ይህ ነው፤ ዛፉ ሥር በመከርን ማግስት ጠዋት ነውሩን ረግጬ መፋቂያው ቦታ ገባሁ። ሴቶቹ ጮኹ፣ ከዚያ ሳቁ። የበሰበሰ እንሰት በትከሻዬ ተሸክሜ፣ ውሃው በጀርባዬ እየወረደ፣ ቆሞ ይናገር በነበረው ዕጩ እግር ሥር ጣልኩት። እትዬ ዘምዘምን እጃቸውን ይዤ አምስተኛው ወንበር ላይ አስቀመጥኳቸው። እኔም ሁሉም እያየኝ ጭቃው ላይ ተቀመጥኩ።