የወፍጮዬ ቀይ መብራት

ሰው ሲስቅብኝ አልወድም፤ ይቺን ግን ሌላ ሰው አጣሞ ሳያወራብኝ ራሴው ልንገራችሁ። የልጄ ሠርግ ደርሶ፣ የድግሱ እህል ገና ሳይፈጭ፣ የናፍጣ ወፍጮዬ ቀይ መብራት እያበራ ይቆም ጀመር። መካኒኩ ከሰቆጣ እስኪደርስ መብራቱ ይጠፋል፤ እሱ በሄደ በሰዓቱ ደግሞ ይበራል።

«እማማ፣ የሞተር ብልሽት የሚመረምረው ኮምፒውተሬ ምንም አላገኘም» ይለኛል።

«እኔን ውሸታም ልትለኝ ነው? ኮምፒውተርህ ዓይን የለውም!»

በሦስተኛው ምልልሱ አስነስቶልኝ ከሄደ በኋላ መፍቻውን ረስቶ ተመለሰ። መብራቱ በርቷል። ወደ መብራቱ የሚሄደውን ሽቦ መጋጠሚያ ቢነቅለው ውሃ ተንጠባጠበ።

«ማነው እዚህ ላይ ውሃ የሚደፋው? ለካ እኔ እስክመጣ እየደረቀ ነው!» ብሎ ጮኸ።

«ምን ውሃ? ጠበል ነው እንጂ! ወፍጮው ለሠርጉ እንዲጸናልኝ ከመጀመሪያው ጀምሮ፣ አንተም በሄድክ ቁጥር የምረጨው እኔ ነኝ» አልኩት።